ዓይናማዋና የአማቷ ቴሌቪዥን

በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ የምትጠራው ዓይናማዋ እየተባለች ነው። ስሙ የወጣላት በመልኳ አይደለም፤ እሷ ግን በመልኬም ቢሆን ቅር አይለኝም ትላለች። ቪዲዮ ኤዲተር ናት፤ በተለይ ቀለም ማስተካከል የእሷ ነው። ሰው ሁሉ አይቶ ያሳለፈውን ፊልም አንዴ ታይና «እዚህ ጋ የሰውየው ጆሮ ወደ አረንጓዴ ሄዷል» ትላለች። ተመልሰው ሲያዩት እውነትም ጆሮው አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ደግሞ ትንሽ መኩራቱ አይቀርም፤ እሷም አልቀረባትም።

ታዲያ አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛዋ፣ ዳይሬክተር ነው፣ ስለ አንድ አሮጌ የብርጭቆ ፋብሪካ ፊልም ሠርቶ መጣ። ፊልሙን የገዛው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤችዲአር ተሠርቶ ይምጣልኝ ብሏል። ኤችዲአር ማለት ጨለማው ድፍን ጥቁር ሳይሆን ውስጡ ያለው ሁሉ የሚለይበት፣ ብርሃኑም ሳይነጣ እንደ እውነተኛ ብርሃን ዓይን የሚያጥበረብርበት አሠራር ነው። ለእቶን እሳትና ለቀለጠ ብርጭቆ ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ፣ እንዲህ ያለውን ምስል በትክክል የሚያሳይ ሞኒተር ዓይናማዋ የላትም። ድሮ የምትከራየው ስቱዲዮ ውስጥ የነበረው ለጥገና እንደተላከ ቀርቷል። ልግዛ ብትል ደግሞ ከአቅሟ በላይ ነው።

በዚህ ሐሳብ ስትብሰለሰል ከርማ፣ አንድ ቀን ምሳ እየበላች ቀና ስትል ዓይኗ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አረፈ። ግድግዳውን ለብቻው የያዘው ቴሌቪዥን የአማቷ ነው። አማቷ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ የመጡ ጊዜ ልጆቻቸው ተባብረው የገዙላቸው፣ ጥቁሩ የምር ጥቁር፣ ብርሃኑም የምር ብርሃን የሆነ ምርጥ ቴሌቪዥን ነው። ዓይናማዋ ጉርሻዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

«እማማ፣ ቴሌቪዥንዎን ለጥቂት ጊዜ ብዋስዎትስ?»

«ወዴት ልትወስጂው?»

«የትም አልወስደው። እዚሁ ሳሎን ሆኜ ልሠራበት ነው።»

«አንድ ቤት እየኖርን ምን መዋዋስ አለው፣ ልጄ!» አሉ እማማ። ወዲያው ግን፣ «ብቻ ድራማዬ ሲደርስ ትነሺልኛለሽ» ሲሉ ጨመሩ። በዚህ ተስማሙ።

ባሏ ነገሩን ሲሰማ ሚስቱንም እናቱንም አየና ወደ ጓዳ ገባ። መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ሰው አጥር ላይ ሊወጣ ሲል ፍሬን ሲይዝ ስለሚውል፣ ቤቱ ሲገባ ከማንም ጋር ላለመጋጨት የወሰነ ሰው ነው።

ዓይናማዋ የቀለም መለኪያ መሣሪያ ከሌላ ጓደኛዋ ተውሳ፣ መጋረጃውን ዘግታ ሥራ ጀመረች። ገበያ ላይ የሚሸጥ ቴሌቪዥን እንዳለ ከተዉት እውነት መናገር አይወድም። ሱቅ ውስጥ ከጎረቤቶቹ በልጦ እንዲታይ ስለተሠራ ያገኘውን ሁሉ ያሞካሻል። ሰማዩን ከሰማይ በላይ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ የደከመውን ሰው ጉንጭ ያቀላዋል፤ የሚራመደውን ሰው ሳሙና ላይ እንደቆመ ያንሸራትተዋል። ክፍሉ ሲጨልምና ሲበራ ደግሞ ማንንም ሳያማክር ራሱን ይቀያይራል። እሷ ይህን ሁሉ አመሉን አንድ በአንድ አጠፋችበት። መለኪያውን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ቁጥሩን ስታነብ ለተመለከታት፣ በሽተኛ የምትመረምር ሐኪም ነው የምትመስለው።

እማማ ብቅ ብለው አዩት።

«ምነው፣ ታመመ እንዴ?»

«አልታመመም እማማ፤ እንዲያውም አሁን ነው የዳነው።»

«ከዳነ ታዲያ ፊቱ ለምን እንዲህ ገረጣ?»

ደግነቱ ቴሌቪዥኑ ለእያንዳንዱ ገመድ የየራሱን መልክ ይይዛል። የእሷ ኮምፒዩተር በገባበት በኩል እውነቱን ይናገራል፤ የእማማ ድራማ በሚመጣበት በኩል ደግሞ እንደ ቀድሞው ያሽቃብጣል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሰነበቱ።

ከዚያ በኋላ ዓይናማዋ ከፊት፣ እማማ ከኋላ ሶፋው ላይ ሹራባቸውን ይዘው፣ አብረው መዋል ጀመሩ። ሰው ከኋላዋ ሲቀመጥ የማትወደው ዓይናማዋ ለመደችው። እማማ የፋብሪካውን ሠራተኞች አንድ በአንድ አወቋቸው። ብርጭቆ የሚነፋውን «ጉንጬ» አሉት። በአንዱ ወጣት ግን ሆዳቸው አልችል አለ።

«ይሄ ልጅ ደም የለውም። አይበላም መሰለኝ።»

«ጥግ ላይ ስለቆመ ነው እማማ፤ ቦታው ጨለማ ነው።»

«ታዲያ መብራት አብሪለታ! እጅሽ ላይ አይደል እንዴ?»

«ባበራለትማ ፋብሪካው ፋብሪካ መሆኑ ይቀራል።»

እማማ ወደ ሹራባቸው ተመለሱ። ግን ያን ልጅ ባዩት ቁጥር ምላሳቸውን «ጭ» ያደርጉ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ የዓይናማዋ የመንጋጋ ጥርስ ተነሣባት። ስታስታምመው ሰንብታ አልሆን ሲላት፣ ምስሉን እንደቆመ ትታው ልትነቀል ወጣች። ስትመለስ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ፣ ምራቋን መዋጥ ተስኗት ነበር፤ ቀጥታ አልጋዋ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ጉንጯን ደግፋ ሥራዋ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ ሁሉ ጠዋት ጠዋት የቀለም መፈተሻ ሰሌዳ ከፍታ ቴሌቪዥኑ ከመስመር አለመውጣቱን ታያለች። የዚያን ዕለት ግን ትናንት ደህና ነበር ብላ አለፈችው። ፊልሙን ስትከፍተው ደነገጠች። እሳቱ ቤቱን ሊያቃጥል ደርሷል፤ ሠራተኞቹ የተቀቀለ ቀይ ሥር መስለዋል።

«ጉድ! ጥርሴ እያመመኝ ስሠራ እጄ ከብዶብኝ ኖሯል» አለች ለራሷ። እናም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀለሙን እየቀነሰች፣ ብርሃኑን እያወረደች መጣች። ስትጨርስ ስክሪኑ ላይ ያለው እንዳማረ አየች፤ ደረቷን ነፍታ ለዳይሬክተሩ ላከች።

ስልክ ሲደወል ሻይ እየጠጣች ነበር።

«ዓይናማዋ» አለ ዳይሬክተሩ፣ ቀስ ብሎ። «እኔ የቀረጽኩት የብርጭቆ ፋብሪካ ነበር አይደል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንቺ የላክሽልኝ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ሰዎቹ ሁሉ ዱቄት ተነፍቶባቸዋል። እሳቱም እሳት አይደለም፤ የሎሚ ጭማቂ ነው።»

«የጣቢያው ሞኒተር ተበላሽቶ ይሆናል።»

«በሁለት ሞኒተር ነው ያየነው።»

«እንግዲያው ሁለቱም ተበላሽተዋል» አለች፤ ፍንክች የለም።

ዳይሬክተሩ ጊዜ አላጠፋም፤ በዓይኔ ልየው ብሎ ቤቷ ድረስ መጣ። ሶፋው ላይ ከእማማ ጎን አስቀመጠችውና ፊልሙን ከፈተችለት። እቶኑ ተንቦገቦገ። የቀለጠው ብርጭቆ እንደ ማር ተንጠባጠበ። ጉንጬ ደም ግባቱ ሞልቶ ብርጭቆውን ነፋ። ዳይሬክተሩ ራሱን አከከ።

«እዚህማ ግሩም ነው።»

«አላልኩህም!» አለች ዓይናማዋ።

«ያምራል አይደል?» አሉ እማማ፣ ሹራባቸውን አስቀምጠው። «አስቀድሞ ብታያቸው እኮ አንጀትህን ነው የሚበሉህ። እሷ ጥርሷን ልትነቀል የሄደች ለት ነው እኔ ያዳንኳቸው።»

ዓይናማዋ ዞር አለች።

«እማማ፣ ምን አሉ?»

«ያ ልጅ እንዳየኝ ቆሞ ቀረ፤ እንደዚያ ገርጥቶ። ፊት ለፊቴ ተገትሮ እንዴት ሹራብ ልሥራ? ሪሞቱን አነሣሁና ነካካሁት፤ 'ደማቅ' የሚል አገኘሁ። ስጫነው ልጁ ነፍስ ዘራ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ራሱ 'ለሁሉም ይሁን?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ለአንዱ ብቻ ይሁን ማለት መቼ ለምጄ! ለሁሉም አልኩት።»

ዳይሬክተሩ የሶፋውን ትራስ አንሥቶ ፊቱን ሸፈነበት። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ዓይናማዋ ሪሞቱን አንሥታ የምስሉን ገጽ ከፈተች። «ደማቅ» ይላል፤ ያጠፋችው አመል ሁሉ አንድም ሳይቀር ተመልሷል። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ሲያጋንን እሷ ስትቀንስ፣ እሱ ሲያጋንን እሷ ስትቀንስ ነው የዋለችው ማለት ነው።  ምን ልትል ነው? እማማ የነኩት አንዴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ያላየችው ዓይናማዋ ናት። ዓይን እንደሆነ የሰጡትን ቶሎ ይለምዳል። ለዚህ ነው ያ የጠዋት ሰሌዳ ያለው፤ ያን ደግሞ ማንም ሳይሆን ራሷ ናት ያለፈችው።

እማማ የሁለቱን ፊት አይተው ነገሩ ገባቸው። «እኔ እኮ ለበጎ ብዬ ነው» አሉና ክራቸውን ሰብስበው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ባሏ ከሥራ ሲመጣ ዳይሬክተሩ አሁንም እንባውን እየጠረገ ነበር። ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እኔ የማስተምራቸውን መስታወት ሳታዩ አትነሡ እላቸዋለሁ፤ ለካ ቤቴ ውስጥ ነው ጉዱ» አለ። ዓይናማዋ ትራሱን ወረወረችበት። ከዚያ ተነሥታ የአማቷን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ይምጡ። ላሳይዎት የምፈልገው ነገር አለ።»

«ተይኝ፤ ደግሞ ሌላ ነገር ላበላሽ?»

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ነው ቁጭ ያልኩት። ይምጡ በሞቴ።»

መጡ። ዓይናማዋ መልኩን ወደ ነበረበት መልሳ፣ በመለኪያው አረጋግጣ፣ ጥርሷን ከመነቀሏ በፊት ያስቀመጠችውን ሥራ ከፈተች። መጋረጃው ተዘጋ። መጀመሪያ እማማ እንደ ልማዳቸው «ጭ» አሉ። ቆየት ብለው ግን ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«ይሄ ሽማግሌ ከየት መጣ?»

ከእቶኑ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ አዛውንት ዱላ ላይ ተደግፈው የወጣቱን ሥራ ይመለከታሉ። እሳቱ ከፍ ሲል የግንባራቸው መስመር ብቻ ይታያል።

«ሁልጊዜም ነበሩ» አለች ዓይናማዋ። «እርስዎ ልጁን ብቻ ሲያዩ አለፉዎት እንጂ። ሲደምቅ ደግሞ ጨለማው ዋጣቸው።»

«የልጁ አባት ይሆኑ?»

«መምህሩ ናቸው» አለ ዳይሬክተሩ። «ጡረታ ወጥተዋል። ግን ቤት መቀመጥ አልቻሉም።»

እማማ አዛውንቱን እንደገና አዩ። «አይ፣ ልጁን የሚያየው ሰው ካለ ይገርጣ ግድ የለም» አሉ በመጨረሻ። ወዲያውም፣ «ለድራማዬ ግን ደማቄን መልሺልኝ። እነዚያን የሚያያቸው ከእኔ ሌላ ማንም የለም» አሉ።

ፊልሙ ተስተካክሎ ሄደ፤ ጣቢያውም ተቀበለው። አየር ላይ ከዋለ በኋላ የፋብሪካው ሰዎች በምሳ አዳራሻቸው ሊያዩት ተሰብስበው እነሱንም ጠሯቸው። እማማ አዲሱን ሹራባቸውን ለብሰው ከዓይናማዋ ጎን ተቀመጡ። የአዳራሹ ቴሌቪዥን ሲከፈት ዓይናማዋ ወንበሯን ጨበጠች። ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ ጥጉ ላይ የማስታወቂያው ተለጣፊ ገና አልተነሣም። ሰማዩ ሐምራዊ ነው፤ ሰዎቹ ብርቱካን ናቸው፤ ሁሉም ይንሸራተታል። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ አለ። እጇ ሳታዘው ወደዚያ ሄደ።

እማማ እጇን ያዙት። «ተይ» አሉ በሹክሹክታ። «ደስ ብሏቸዋል።»

እውነትም ደስ ብሏቸዋል። ራሱን ባየ ቁጥር አዳራሹ ይጮኻል፣ ጓደኛ ጓደኛውን ይጎሽማል። ሲያልቅ ጉንጬ፣ በአካል ሲታይ ከፊልሙ ይልቅ ቀጭን የሆነው ሰውዬ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣና በሁለት እጁ ጨበጣት።

«ቀለሙን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ይሄን ያህል ዘመን እዚህ ስሠራ፣ እሳታችንን ልክ እንደዚህ፣ ቁርጥ ራሱን አድርጎ ያሳየን ሰው የለም።»

ዓይናማዋ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ሰውየውን አየች።

«አመሰግናለሁ» አለች።

መንገድ ላይ ባሏ እየነዳ፣ እሷ በመስኮቱ እያየች፣ እማማ ከኋላ ሆነው ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

«ምን አሳቀዎት?» አለች ሳትዞር።

«ምንም» አሉ እማማ። «አንቺ ዝም ስትዪ እንዴት ታምሪያለሽ፣ ልጄ።»