የሐኪሙ መኪናና የሴትዮዋ መኪና

ትሕትና የእናቷን የእግር ጥፍር እየቆረጠች ነበር። ቀኙን ጨርሳ ግራውን፣ የተሰበረውን፣ ጭኗ ላይ ቀስ አድርጋ ስታሳርፍ ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

“ደግሞ ጨመረች” አለች መልእክቶቹን አንብባ።

“የቷ? የሐኪሙ ወይስ የሴትዮዋ?” አሉ እናቷ ወይዘሮ ሠርካዲስ።

“ሁለቱም።”

“ልጄ፣ ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳን እንዲህ አይንገላታም።”

የወይዘሮ ሠርካዲስ እግር ከተሰበረ አምስት ወሩ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ሄደው እግራቸውን ማፍታታት አለባቸው። ቤታቸው ግን ቀጨኔ ውስጥ ዳገት አናት ላይ ነው። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች “መጣሁ” ይሉና ዳገቱን ከታች አይተው ጥሪውን ይሰርዛሉ። በዚህ ሰበብ ሦስት ቀጠሮ አልፏቸዋል። የምታፍታታቸው ባለሙያ አንድ ሁለት ጊዜ ደግመው ከቀሩ ጉልበታቸው እንደማይዘረጋ ተናግራለች። ስለዚህ ትሕትና ያጠራቀመችውን ተማምና ቴሌግራም ላይ መኪና ፍለጋ ገባች። ዳገቱን የምትወጣ ትሁን እንጂ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ሁለት ነጭ ቪትዝ አገኘች። አንዷን ሸፊ የሚባል ደላላ “ሐኪም የያዛት፣ ጭረት የሌላት” ብሎ ለጥፏታል። ሌላዋን አክሊል የሚባል ደላላ “ሴት የያዘቻት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ” ይላታል። እንደ ደላሎች ልማድ ሁለቱም ሰሌዳውን ከፎቶው ላይ ሸፍነውታል። ትሕትና አንዷ ብታመልጣት ሌላዋ እንድትቀርላት ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልእክት ጻፈች፦ “እባክህ ሳልመጣ እንዳትሸጥብኝ። ቁርጥ ገዢ ነኝ።” በማግስቱ የሁለቱም ዋጋ ጨመረ። ደንግጣ አጥብቃ ለመነች። ደግሞ ጨመረ። ሁለት መኪኖች፣ ሁለት ደላሎች፣ ግን እንደተማከሩ እኩል ይወጣሉ። ምኑም አልገባት አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታቸውን መካኒኩን ጀላልን ይዛ ሄደች። ሸፊ ለሦስት ሰዓት፣ አክሊል ለአራት ሰዓት ነበር የቀጠሯት፤ ሁለቱም ሩፋኤል አካባቢ። ቅርብ ለቅርብ መሆናቸው ደስ አላት።

ሸፊ አንድ አረንጓዴ በር አንኳኳ። ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ከፈቱ።

“ሐኪሙ እርስዎ ነዎት?” አለች ትሕትና።

“እኔ? ጢሞቴዎስ እባላለሁ። የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።”

ሸፊ ሰማይ ሰማዩን አየ።

ጀላል በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ በመኪናዋ አካል ላይ አስኬደው። ግራ በሩ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ አልያዝ ብሎ ወደቀ።

“ይሄ በር ተጋጭቶ በስቱኮ ተሞልቷል” አለ።

“ጭረት የላትም አልኩ እንጂ ስቱኮ የላትም መቼ አልኩ?” አለ ሸፊ።

ጀላል ከመኪናዋ ሥር እንደገባ በሩ ተበርግዶ መነጽር ያደረገ ወጣት ገባ። አክሊል ነበር። ትሕትናን ከቴሌግራም ፎቶዋ አወቃት።

“እንዴ! ቀድመሽኝ መጣሽ? ቤቱን ማን አሳየሽ?”

“የሴትዮዋ መኪና የታለች?” አለች ትሕትና።

“ይቺው!”

“ይቺ የሐኪሙ ናት።”

“የምን ሐኪም? የምን ሴትዮ?” አሉ ጋሽ ጢሞቴዎስ።

“የኔ ደንበኛ ናት!” አለ ሸፊ።

“ድንቄም የአንተ! ሳምንቱን ሙሉ እኔን አይደል ስትለምን የከረመችው?” አለ አክሊል።

ጋሽ ጢሞቴዎስ እጃቸውን አነሡ። “ቆይ፣ ቆይ። አንተ አንዲት ቁርጥ ገዢ አለችኝ አልክ። አንተም አንዲት አለችኝ አልክ። ሁለት ሴቶች ተሻሙባት ብዬ አይደል ዋጋ የጨመርኩት? ሁለተኛዋ የታለች?”

ሸፊና አክሊል ወደ ትሕትና ዞሩ።

“ሁለቱም እኔ ነኝ” አለች ትሕትና። ድምጿ ለራሷም አልተሰማት።

“ከራስሽ ጋር ነው ስትሻሚ የከረምሽው?” አሉ ሽማግሌው።

ከመኪናዋ ሥር የጀላል ሳቅ ተሰማ። ትሕትና ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ተሰማት፤ ማንን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

“ዕድሜ ልኬን ሒሳብ አስተምሬ አንዷን ሁለት ብዬ ቆጠርኩ” አሉ ጋሽ ጢሞቴዎስ። “በይ፣ በመጀመሪያው ዋጋ ውሰጃት።”

“መጀመሪያ ዳገቱን ትውጣ” አለ ጀላል አቧራውን እያራገፈ።

ጀላል መሪውን ያዘ፤ ጋሽ ጢሞቴዎስ ከጎኑ ተቀመጡ። ትሕትና ከኋላ ልትገባ ስትል ሸፊ በአንድ በኩል፣ አክሊል በሌላ በኩል ቀድመው ገብተዋል።

“ውረዱ እንጂ!” አሉ ጋሽ ጢሞቴዎስ።

“እሱ ይውረድ” አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

“ይተዉአቸው፣ ለጭነት ይሆናሉ” አለ ጀላል። ትሕትና መሐላቸው ተጣብቃ ተቀመጠች።

ቀጨኔ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጀላል ሆን ብሎ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ያዘ፤ ሞተሩን አጠፋ። እንደገና አስነሥቶ ፍሬኑን ሲለቅ መኪናዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ትሕትና የማን እንደሆነ ሳታውቅ አንድ ክንድ ጨብጣ ያዘች። ከዚያ መኪናዋ አጉረመረመችና እስከ ደጃፉ ድረስ ወጣች።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ሁለቱን ደላሎች በዓይናቸው አስወረዷቸውና ከኋላ ገብተው እግራቸውን በወንበሩ ርዝመት ዘረጉ።

“ይበቃኛል” አሉ።

ጀላል ኮፈኑን ከፈተ። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ሻንሲ ቁጥር ላይ ስስ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ አሸው፤ ፊደሎቹና ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሁለቱ ደላሎች ኮሚሽኑ የማን እንደሆነ አሁንም ይጨቃጨቃሉ። ትሕትና ከጋሽ ጢሞቴዎስ የባለቤትነት ደብተሩን፣ ሊብሬውን፣ ተቀብላ ከወረቀቱ ጋር እያመሳከረች በጣቷ ተከተለች። አንድ ነው። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያውም አነበበችው። አንድ ነው። ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ሊብሬው ውስጥ ከተተችና ዘጋችው።