የነጠላው ቋጠሮ

"በሕግ አምላክ! ከዚያች ንቅንቅ እንዳትል!"

መካኒኩ ባስልዮስ መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። ወይዘሮ እታገኝ የዘመሮ ከተማን ገበያ ሰንጥቀው እየሮጡ ስለመጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የልጃቸው ልጅ ትሕትና ከኋላቸው ደርሳ አፏን ያዘች። ትናንት ፍሬኗ እንዲሠራ ያስረከበቻት ባጃጅ የፊት መስታወቷ ረግፏል፤ ሸራዋ ተተርትሯል። እታገኝ መኪና የሚባል ነገር ስለሚፈሩ ተሳፍረውባት ባያውቁም፣ አያትና የልጅ ልጅ የሚበሉት ከእሷው ነበር።

"ነፋሱ ቆርቆሮ ጥሎባት ነው፣ እማማ።"

እታገኝ ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር እፍኝ ገለባ አወጡ። "ገለባውንስ ነፋሱ ጫነልህ? ወይስ እዚሁ ጋራዥህ ውስጥ ገብስ ወቃህ?"

በሩን የሞላው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ባስልዮስ አቀረቀረ።

"ለላሞቼ ገለባ ላመላልስ ብዬ... ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ አለኝ። ካብ ገጨሁ።"

"ፍሬኑን ሳትሠራ ነዳሃት?! ብትሞትስ፣ አንተ ከንቱ! እናት የለህም?"

"ካሳውን እከፍላለሁ። ዕቃው ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁኑኑ ሄጄ በራሴ ገንዘብ አመጣለሁ።"

"ሄዶ ቢቀርስ?" አለች ትሕትና።

"ዋስ ጥራ!" አሉ እታገኝ። ባስልዮስ ወደ ሰዉ ዞረ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ሰማይ መለሰ።

ይኼኔ እታገኝን አያታቸው ያጫወቷቸው የድሮው ቁራኛ ትዝ አላቸው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በልብስ ይታሰሩ ነበር። ነጠላቸውን አውርደው አንዱን ጫፍ ከባስልዮስ ቀበቶ፣ ሌላውን ከመቀነታቸው ቋጠሩ።

"ኧረ እማማ! ሰው ምን ይለኛል?"

"ገለባ ስትጭን ሰው ጠይቀህ ነበር?"

እንደታሰሩ መናኸሪያ ገቡ፤ ከተማው በእልልታና በፉጨት ተከተላቸው። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ባስልዮስ ደረጃውን ሲረግጥ ነጠላው ተወጠረ፤ የእታገኝ እግር ግን ከመሬት አልተነሣም።

"ይፍቱኝ፤ በእመቤቴ እመለሳለሁ።"

"እምዬ፣ ይቅርብን፤ መንገዱ ገደል ነው!" አለች ትሕትና።

እታገኝ አማተቡ። "አንቺ ሂጂና ባጃጅሽን ጠብቂ። ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቢ።"

"የስንት ሰው ነው?" አለ ረዳቱ።

እታገኝ ቋጠሮውን አጠበቁ። "የሁለት። መስኮት በኩል ግን እሱ ይቀመጥ።"