የቀኝ ትከሻ ስፖንጅ

«ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ባልኩ ቁጥር ደንበኞቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «የምን ሐኪም?» መልሱን ስለማላውቀው፣ በአፌ የያዝኩትን እስፒል ሰበብ አድርጌ ወደ ስፌቴ አጎነብሳለሁ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ግን መልስ አያጣም። «አሥር ዓመት ተምራ መነጽር እያደረገች ትጫወታለች አሉ» ብሎ ደንበኛውን ያስቃል። አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ይላል።

በልጅነቷ ሰፈሩ ያወጣላት ስም «ለምን» ነበር። ሁለት እግር ያለው ሱሪ ለምን አንድ ዚፕ ብቻ እንዳለው ሳይቀር እየጠየቀችኝ ነው ያደገችው።

አንድ ቀን የጠገንኩላትን ጋወን ላደርስላት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። የምርምር ክፍሏ ውስጥ አንድ ወንበር፣ ሁለት ኮምፒውተርና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ጥቁር መነጽር አለ። ልጄ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ምን ሆንሽ?»

«የዶክትሬት ጥናቴ እምቢ አለኝ፣ አባዬ። ሰዎች ይሄን መነጽር አድርገው ወደ ታች ሲያዩ የሌላ ሰው ገላ ያያሉ። ወጣቱ ሽማግሌ ይሆናል። እንደዚያ ከቆየ በኋላ ለሽማግሌ ያለው ትዕግሥት ይጨምራል ወይ ነው ጥያቄዬ። ግን መጀመሪያ ገላው የራሱ መስሎ ካልተሰማው ከንቱ ነው። ሁሉም ‹አሻንጉሊት ውስጥ የገባሁ መሰለኝ› ይሉኛል። የቀረኝ አራት ወር ነው። ካልሆነ የሦስት ዓመት ሥራዬ ገደል ገባ።»

በምን እንደምትደክም ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ።

«እስቲ ለእኔም አድርጊልኝ» አልኳት።

«ቤተሰብ ጥናቱ ውስጥ አይቆጠርም እኮ።»

«ማን ቁጠሪኝ አለሽ?»

ክንዴን ወደ ጎን አስዘርግታ በሜትር ለካችኝ፣ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና መነጽሩን አጠለቀችልኝ። ፊት ለፊቴ መስታወት አለ፤ መስታወቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ወጣት ቆማለች። እጄን ሳነሳ ታነሳለች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ የሙያ ዓይኔ ነቃ፤ ከደንበኛ ጀርባ ቆሜ መስታወት ሳይ አርባ ዓመቴ ነው።

«ክርኗ ያለ ቦታው ነው። እኔ የማጥፈው እዚህ ጋ፣ እሷ የምታጥፈው እዚያ ጋ። ደግሞ እኔ ቤት አድገሽ ነው ክንድ ዘርግተሽ የምትለኪው? ታጥፎ ነው የሚለካው! ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ እጅ አንጓ። ትከሻዋንስ ለምን እኩል አደረግሽው? ሠርቶ የሚበላ ሰው ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። እኔ በኮት ሁሉ ላይ በቀኝ በኩል ስስ ስፖንጅ የምጨምረው ለዚህ ነው።»

ሁለቱንም ጻፈች። ነገ አስተካክላ ትደውልልኛለች ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። እሷ ለካ ስልሳ ሰው በሦስት ምድብ ልትከፍል ነው፤ ለአንዱ ምድብ ክርኑን ብቻ፣ ለሌላው ትከሻውን ብቻ አስተካክላ፣ ሦስተኛውን እንዳለ ትታ። ስትነግረኝ ደሜ ፈላ።

«የአርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ቃል አይበቃሽም?»

«አባዬ፣ አምኜሃለሁ። ግን እኔ ስላመንኩህ እውነት አይሆንም።»

ሳምንት ሙሉ ስልኳን አላነሳሁም። በሁለተኛው ወር ራሷ ሱቅ መጣች። ክርኑ ልክ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰዎቹ ገላውን የራሳቸው አድርገውታል፣ ጥናቷም ነፍስ ዘርቷል። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ትከሻውስ?» አልኳት።

«ምንም ለውጥ የለውም፣ አባዬ። አንድም ሰው አላወቀው።»

«የኮምፒውተር ትከሻና የሰው ትከሻ አንድ ነው እንዴ!» ብዬ ሸኘኋት። ነገሩ ግን ከነከነኝ። ልኳን ላሳያት ብዬ ሁለት አንድ ዓይነት ኮት ሰፋሁ፤ አንዱ ስፖንጅ አለው፣ አንዱ የለውም። መካከለኛ ቁመና ያለው ደንበኛ በመጣ ቁጥር ምንም ሳልነግር ሁለቱንም አለብሰዋለሁ፣ የትኛው እንደተመቸው እጠይቃለሁ፣ በካርቶን ክዳን ላይ በጠመኔ እጭራለሁ። «የምን ሐኪም ናት?» ሲሉኝም አሁን አፌን ሞልቼ፣ «የሌላውን ገላ የለበሰ ሰው ልቡም ይለወጥ እንደሆነ የምትመረምር ናት» እላለሁ። ፀጉር አስተካካዩም ተራው ደርሶ ለበሰ። «ሁለቱም ያው ነው፤ ምን ታለፋኛለህ?» አለኝ።

ጥናቷን የምታቀርብ ቀን እኔና እናቷ ከኋላ ተቀመጥን። በሽማግሌ ገላ የቆዩት ወጣቶች፣ ቀስ ብሎ የሚናገር አዛውንት ሲገጥማቸው ሳያቋርጡ ሰሙት አለች። አንዲት ሽበታም ፕሮፌሰር የክርኑን ሐሳብ ከየት እንዳመጣችው ጠየቋት።

«ከአንድ ልብስ ሰፊ። ስለ ትከሻም ነግረውኝ ነበር፤ እሱ ግን ሲፈተን አልጸናም።»

«በእውነተኛ ልብስ ላይ ልክ ይሆን ይሆን?»

«እሱን አላውቅም» አለች ልጄ።

እናቷ እጅጌዬን ብትጎትተኝም ተነሳሁ። 

«እኔ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ስድስቱ ስፖንጅ ያለውን መረጡ፣ አምስቱ የሌለውን፣ አንዱ ሁለቱም ያው ነው አለኝ። ስፖንጁ ለውጥ የለውም፤ አርባ ዓመት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አሥራ ሁለት ሰው ጥቂት ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ፣ ሳቃቸውን አፍነው።

«ነው እንጂ» አልኳቸው። «ገና እየጨመርኩ ነው።»