የአውቶቡሱ ጫጩት

ለሊሳ ቤት ሠራ። ችግሩ፣ ቤቱ መሪና ስድስት ጎማ ነበረው። ያረጀ አውቶቡስ ገዝቶ ለቡ ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ አቆመና ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና መጋረጃ አስገባበት። ከገላኔ ጋር ተጋብተው አገር ላገር እየዞሩ ሊኖሩበት ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ ገላኔ ግን አበደችለት።

አባቷ አቶ ፈየራ ሽማግሌዎቹን «ቤቱን ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ዕድሜያቸውን በእርሻ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የሣር ጎጆ ከነከብቱ ሲነድ አይተው በእሳት ነገር ቀልድ አያውቁም። ዛሬ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሆኑት ከኦቦ ኢፋ ጋር ሊያዩ መጡ።

ምድጃውን አሸተቱ። የእሳት ማጥፊያውን አንስተው ክብደቱን ለኩ። በሩንም ደጋግመው ከፈቱት። እንከን ጠፋ። ለሊሳ «እሰይ» ሊል ሲል፣ ከወደ አልጋው «ጪው» አለ።

አቶ ፈየራ ቀጥ አሉ። «ጫጩት አለች።»

ለሊሳ ድምፁን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከአልጋው በላይ የሰቀለው፣ ጭስ ሲኖር የሚጮኸው የጭስ ደወል ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንዲህ ይላል፤ እሱም «ነገ እቀይረዋለሁ» እያለ ሰንብቷል። ይህን ዛሬ ከመናገር ምላሱ ቢቆረጥ ይሻለዋል። «አዎ አባባ፣ የጎረቤት ጫጩት ትሆናለች» አለ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የለሊሳ ግን ለማደርም አልበቃ። ዶሮ ያረባ ሰው ጫጩት ታፍና ትሙት ብሎ አይሄድማ። አቶ ፈየራ ኮታቸውን አወለቁ። ኦቦ ኢፋ ከጎረቤት ስንዴ አስመጥተው አልጋው ሥር በተኑና፣ ተንበርክከው በእናት ዶሮ ድምፅ ይጣሩ ጀመር። «ጪው» ሲል ሁለቱም አንገታቸውን ያቀናሉ። ገላኔ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ነክሳለች።

«ግድግዳው ውስጥ ናት» አሉ አቶ ፈየራ። «ጉጠት አምጣ፣ እንገንጥለው።»

የግድግዳው ጣውላ ለሊሳ በገዛ እጁ ልጎ የለጠፈው ነው። አንጀቱ አልቻለም።

«አባባ፣ ጫጩት አይደለችም። የጭስ ደወል ናት፤ ባትሪዋ አልቆ ነው። ሰነፍኩ፣ ከዚያ ልጅዎን እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ዋሸሁ።»

«ጪው» አለች ደወሏ። ገላኔ ሳቋ አመለጣትና፣ እየሳቀች ሱቅ ሮጣ ባትሪ ገዝታ መጣች። ለሊሳ ወዲያው ቀየረው።

አቶ ፈየራ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ተጋደሙ። «እኔ ከተኛሁ መድፍ አይቀሰቅሰኝም፤ ልጄም እኔን ነው የወጣችው። ማንኮራፋት ስጀምር ደወሏን ንካት፤ ትቀሰቅሰኝ እንደሆነ እንይ።»

ጫጩት ፍለጋው አድክሟቸው ኖሮ ብዙም ሳይቆዩ ማንኮራፋት ጀመሩ። ለሊሳ የደወሏን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫነ።

ደወሏ ለቡን አናወጠችው። ኦቦ ኢፋ የተረፈውን ስንዴ ደፍተው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ አቶ ፈየራ ቀድመዋቸው በባዶ እግራቸው ግቢው መሃል ቆመዋል። ለሊሳ አለቀልኝ ብሎ ተከተላቸው።

አቶ ፈየራ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ደረታቸውን ይዘው ቆዩ። አውቶቡሱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ለእኔም ቤት እንዲህ ያለች ደወል ትሰቅላለህ» አሉት ለሊሳን። «ባትሪዋን ልትቀይር በመጣህ ቁጥር ልጄን ይዘህልኝ ትመጣለህ።»