ያልቀመስነው ውኃ

ከአያታችን ሞት ወዲህ በእኛ ቤተሰብ ከዚያ ጉድጓድ ውኃ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ጉድጓዱ የሚገኘው በኦማሄኬ በረሃ ጫፍ፣ ጀርመኖች ሕዝባችንን ሄሬሮዎችን ከወጉበት ጦርነት በኋላ አጥረው በያዙት የከብት እርባታ ውስጥ ነው። አያታችን ወደ በረሃው ከተነዱት ሄሬሮዎች አንዱ ነበር። ጥም ሲጠናበት ሊጠጣ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ፤ በጥይትም ተመትቶ ወደቀ። ከእርሱ ጋር የወደቁት ብዙዎች ናቸው፤ መቃብራቸውም ከጉድጓዱ አጠገብ፣ በአንድ አሮጌ ግራር ሥር ነው። አባታችን ኋላ በዚያው እርሻ በእረኝነት ሲያገለግል እንኳ የሚጠጣውን ከሩቅ በቅል ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ልጆቹን እኛንም ከዚያ ውኃ እንዳንቀምስ አስማለን።

ታላቅ ወንድሜ ካፔሁሪ ከሞቱት አባቶቻችን ጋር የምንነጋገርበት እሳት ጠባቂ ነበር። በእኛ ዘንድ እንግዳን ከሙታን ጋር የሚያስተዋውቅ የእሳቱ ጠባቂ ብቻ ነው። በመጨረሻው ዘመኑ ዐይኑ ፈዘዘ፣ ሳንባው ታመመ፤ የቀረው ምኞት ከአያታችን ጎን መቀበር ነበር። የእርሻው በር ግን በቁልፍ የተዘጋ ነው። ባለቤቱን ዮኽንን ደጋግሞ ቢለምነው፣ «እርሻዬ የመቃብር ስፍራ አይደለም» የሚል መልስ ብቻ አገኘ።

ዮኽን ሲሞት እርሻውን ልጁ ኤልከ ወረሰች። በድርቁ ዓመት አንድ ጠዋት፣ እርሷ ራሷ ከግቢያችን መጣች። ካፔሁሪ ከእሳቱ አጠገብ፣ በዝቅተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ታቴ ካፔሁሪ» አለችው፤ አባት ሆይ ማለቷ ነው። ቋንቋችንን ያሳደገቻት ሞግዚት አስተምራታለች። «ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ምን አድርገሽኝ?»

«እኔ እንኳ አይደለሁም። የኛ ሰዎች እናንተ ላይ ስላደረጉት ነው።»

እህታችን ቬዙራ ወተት ከምትንጥበት ቅል ቀና ሳትል፣ «መቶ ዓመት ፈጀባት። መንገዱ ጭቃ ሆኖባት ይሆናላ» አለች። በዚያ ዓመት አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወረደም።

ካፔሁሪ አልሳቀም። «የተገደልኩት እኔ አይደለሁም፤ ምን ብዬ ይቅር እልሻለሁ? የተገደሉት እርሻሽ ውስጥ ተኝተዋል። በሩን ክፈቺና ከነሱ ጋር ላስተዋውቅሽ። የሚሉሽን እነሱ ይበሉሽ።»

በሩን ከፈተችልን። ከመቃብሩ ደርሰን ተንበረከክን፤ እያንዳንዳችንም እንደ ወጉ ከክምሩ ላይ ድንጋይ አኖርን። አስተዋዋቂው እንግዳውን የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ውኃ በአፉ ይዞም ግንባሩ ላይ እፍ ካለበት በኋላ በእንግዳው አባቶች ስም ይጠራዋል። ለዚህም ቬዙራ የቤታችንን ውኃ በቅል ይዛ ነበር። ኤልከ ደግሞ ሳታውቅ፣ እንግዳ መቀበሏ መስሏት፣ ከዚያው ጉድጓድ ቀድታ በነጭ ጆግ ግራሩ ሥር አስቀምጣለች። ማንም አልነካውም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አላት ካፔሁሪ።

«የዮኽን።»

«ዮኽንስ?»

«የራይንሃርት።»

«ራይንሃርትስ የማን ነው?»

ጣቶቿ ካኖረችው ድንጋይ ላይ አልተነሡም።

«የጉስታቭ።»

«ጉስታቭ ምን ሠራ?»

«ፈረስ ጠባቂ ነበር ይሉናል።»

«ፈረሶቹ ጠጡ?»

«አዎ፣ ጠጥተዋል።»

«እሰይ፤ ፈረሶቹስ እንኳን ጠጡ» አለ ካፔሁሪ። ከዚያም ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ። «ስሚኝ። የምጠይቅሽ አጥቼው አይደለም። እነሱም ያውቁታል። ካንቺ አፍ እንዲሰሙት ብዬ ነው።»

ወደ ድንጋዮቹ እያየች ተናገረች። «ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠመንጃ ይዞ ይቀመጥ ነበር። የመጣውን ሁሉ ይመታ ነበር፤ ሴቶችንም። ሲሰክር ለልጆቹ ይተርክላቸው ነበር። አባቴም ለኔ ነግሮኛል፤ በገና ማታ፣ እራት ላይ። ያኔ ሁላችንም ምግባችንን መብላት አላቆምንም።»

ካፔሁሪ እጁን ዘረጋና፣ «ያንን ጆግ አቀብሉኝ» አለ።

«ኧረ የኛ ቅል ይኸውልህ» አለች ቬዙራ። «ዐይንህ ጭራሽ ጠፋ እንዴ?»

«ዐይኔማ ጠፍቷል። አፌ አለ።»

ጆጉን አነሣሁለት፤ አፉን ሞላ። ኤልከ ዐይኗን ጨፍና ግንባሯን አቀረበችለት። እፍ ሲል ለመስማት ጠበቅን። የሰማነው ግን የጉሮሮውን ድምፅ ነው። ውኃውን ዋጠው።

«ጣፋጭ ነው» አለ። ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ጨዋማ ነው፣ መራራ ነው እያልኩ ነው ራሴን ያጽናናሁት። ጣፋጭ ነው፣ ኡዋንጋ።»

ጆጉን መልሼ ግራሩ ሥር አስቀመጥኩት።

«ታቴ፣ እኔስ?» አለች ኤልከ።

«ይኼ የነሱ ነው፤ ተጠምተው ለሞቱት ጠጣሁላቸው። ጥሙ ያልወጣለት ሰው እንግዳ አይቀበልም። ያንቺን ውኃ፣ እኔ እዚህ ስቀበር ኡዋንጋ ያደርስልሻል። በሩ ክፍት ከሆነ ነው ታዲያ።»

«ክፍት ነው።»

«ዛሬማ ክፍት ነው።»

ካፔሁሪ ዝናቡ ሳይመጣ ሞተ። አስከሬኑን ይዘን ስንደርስ የእርሻው መዝጊያ ከማጠፊያው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሞ አገኘነው። ከአያታችን ጎን ቀበርነው፤ የታረዱለትን በሬዎች ቀንድም ግራሩ ላይ ሰቀልን። ከኤልከ ጎረቤቶች፣ ከእርሻ ባለቤቶቹ ጀርመኖች፣ አንድም ሰው አልመጣም። ብቻዋን፣ ራቅ ብላ ቆማ ነበር።

እሳቱ ወደ እኔ ተላልፏልና ጠራኋት። ከጉድጓዱ ቀድቼ አፌን ሞላሁ። በእርግጥም ጣፋጭ ነበር፤ ጣፋጭነቱም አስቆጣኝ። ይህን ለመሰለ ውኃ ነው ያን ያህል ሰው የወደቀው። እንደ ወንድሜ ልውጠው፣ እርሷንም እንደ ቆመች ልተዋት ዳዳኝ። ነገር ግን የሙታኑን ድርሻ የጠጣላቸው ሰው ከእግሬ ሥር ነበር፤ ቃል የሰጠውም እርሱ ነው። ግንባሯ ላይ እፍ አልኩ። ከዚያም በአባቶቿ ስም ጠራኋት፤ የጉስታቭንም ስም ሳልዘል።

ውኃው በአፍንጫዋ ላይ ወርዶ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም።

«አሁን ያውቋታል?» አለችኝ ቬዙራ።

«ያውቋታል።»

«ይቅርስ አሏት?»

«አልነገሩኝም።»

ቬዙራ ጆጉን አየችው። ከዚያም ከቤት ያመጣችውን ቅል አንሥታ ጠጣች።