የእንጨት ተሸካሚዎቹ ካብ

ብርቅነሽ ያንን ካብ በገዛ እጇ አፍርሳዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ንዴቷ አልበረደላትም፤ እንዲበርድላትም አልፈለገችም።

ካቡ ከገፈርሳ ሐይቅ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ መንገዱ በሚጠብበት ቦታ ነበር። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ካቡ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ወገብ ድረስ የሚመጣ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ነው። ከጉለሌ እንጨት ለቀማ የሚመጡት ሴቶች ሲመለሱ እዚያ ይደርሱና ጀርባቸውን ሰጥተው ሸክማቸውን ያሳርፉበታል። ገመዱን ከደረታቸው አይፈቱም። እንደቆሙ ትንሽ ይተነፍሱና ወደፊት ዘንበል ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ያን ሁሉ እንጨት ተሸክሞ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ደግፎ የሚያነሳው ካላገኘ አይነሳም። ይህን ጉለሌ ውስጥ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስላትም ነበር። ሌላው ቢቀር ዓምሃ ያውቃል ብላ ነበር።

ዓምሃ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበር። በባሕር ዛፍ እንጨት አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ደጅ ጠንታ ፋብሪካ አስቀጠረችው። ፋብሪካው የቢስክሌት ቡድን ሲያቋቁም ጉልበቱን አይተው መረጡት። እሷም "ወንድሜ ፔዳሉን ሲረግጠው ብታዩ!" እያለች ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ሠፈሩን አደነቆረችው።

በዚያ ዓመት የአብዮቱ በዓል የቢስክሌት ውድድር በአስፋልት መሆኑ ቀርቶ በጫካ ውስጥ፣ በሐይቁ ዙሪያ ይሁን ተባለ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር እንግዶች ይመጣሉ፤ አንደኛ የወጣው ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና ይላካል። መንገዱን መርጦ እንዲያሳይ የታዘዘው ዓምሃ ነበር። እሱም የእህቱን መንገድ መረጠ። ቁልቁለቱን አግድም እየቆረጠ የሚወርድ፣ የሴቶቹ እግር ስንት ዘመን የደለደለው መንገድ ለጎማ ሲመች ሌላ ነው።

ቀበሌው ሴቶቹን እሑድ ለዘመቻ ጠራቸው። ያልመጣች ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አታገኝም። ሊቀመንበሩ ጓድ ጉልላት ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ፊት ፊት እየሄደ ይህ ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ ያ ጉቶ ይነቀል ሲል ቆይቶ ካቡ ጋ ደረሰ።

"ይኼ ድንጋይ ይነሳ!" አለ። "መንገዱን አጥብቦታል።"

ብርቅነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ዓምሃ፣ ንገረው እንጂ! የት እናሳርፍ?"

ዓምሃ የቢስክሌቱን ካቴና ይነካካ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። "እታለም ደግሞ፣ ድንጋይ እኮ ነው! መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ እረፉ። ጫካው ሞልቶ የለም እንዴ?"

ጓድ ጉልላት ከት ብሎ ሳቀ። ሴቶቹ አልሳቁም። ወንድሟ በጥፊ ቢመታት ለብርቅነሽ ይሻላት ነበር። ሽጉጥ የያዘው ሰውዬ ባያውቅ አልገረማትም፤ ምን ጊዜስ እንጨት ተሸክሞ ያውቃል? ይኼኛው ግን በዚያ እንጨት የበላ፣ የለበሰ ሰው፣ እህቱ ሸክሟን እንዴት እንደምታሳርፍ አንድም ቀን ዘወር ብሎ አላየም። ድንጋዮቹን አንድ ባንድ እያነሳች ገደል ሰደደቻቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቷ ሙሉ ወደቀች። ሙሉ እርጉዝ ነበረች፣ ወሯ ገብቷል። ቤት ዋዪ ብትባል ማን ያበላታል? ብርቅነሽ ከኋላ ከኋላዋ ትከተል ነበርና ሁሉን አየች። ሙሉ አንገቷን እንደደፋች እዚያ ቦታ ደረሰች፣ እንደ ወትሮው ጀርባዋን አዞረች፣ ክብደቷን ለቀቀችው። ካቡ እንደፈረሰ ታውቃለች፤ አብራ አፍርሳለች። ጀርባዋ ግን አያውቅም። ከነሸክሟ ወደ ኋላ ተገለበጠች። በቃሬዛ ተሸክመው ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሷት። እሷ ተረፈች፣ ልጇ አልተረፈም።

ዓምሃ ማታ ሲሰማ ደነገጠ። "ምን ላድርግ እታለም፣ ትእዛዝ ነው" አለ። በማግስቱ ልምምዱን ቀጠለ። ብርቅነሽ ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰችለትም።

የውድድሩ ዕለት ሴቶች ጫካው ድርሽ እንዳይሉ ተከልክለዋል። ብርቅነሽ ጎህ ሳይቀድ በሌላ በኩል ገባች። ከወትሮው የከበደ እንጨት አሰረችና ተሸክማ ካቡ ከነበረበት ቦታ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ሸክሟ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው።

ከላይ የጎማ ድምፅ መጣ። የሚመራው ዓምሃ ነበር፣ ፊቱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አያትና ፍሬኑን ጨምድዶ ያዘ፤ ተንሸራቶ አጠገቧ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

"እታለም! ምን ሆነሻል? ዞር በይ በፈጠረሽ!"

"የት ላሳርፈው?"

"መሬት ላይ ጣዪው!"

"ሙሉ ጥላዋለች" አለች።

ዓምሃ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ከኋላው የሌሎቹ ካቴና ሲንኳኳ ይሰማል። ብርቅነሽ ዓይኑን እያየች ጀርባዋን ካቡ ወደነበረበት አዞረች። ከዚያ ልክ ሙሉ እንዳደረገችው ክብደቷን ለቀቀችው።

ዓምሃ ቢስክሌቱን ወርውሮ ከኋላዋ ገባ። ጎንበስ ብሎ እንጨቱን በትከሻው ተቀበለው። ቅርፊቱ አንገቱን ላጠው። መንገዱ ተከፈተና የቀሩት ቢስክሌተኞች ባጠገባቸው እየተሽቀዳደሙ አለፉ፤ አንዱ የወደቀውን ቢስክሌት መሪ በጎማው ሄደበት። ከታች የጓድ ጉልላት ጩኸት ይሰማል፣ "ጓድ ዓምሃ! ምን ትሠራለህ እዚያ!"

ያ ጉለሌ ሁሉ ያደነቀው ጉልበቱ ከሸክሙ ሥር ይብረከረክ ጀመር። እስካሁን ይህን ያህል እንደሚከብድ አያውቅም ነበር።

"እታለም፣ በቃ ተነሺልኝ" አለ እያቃሰተ። "አሁን ብሄድ እኮ እደርስባቸዋለሁ።"

ብርቅነሽ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

"ቁም!" አለችው። "ገና አላረፍኩም።"