የሽታዬ በርሜል

ሚስቴ ሽታዬ ከሞተች ወዲህ ምንም አልተሰማኝም። ድንኳን ውስጥ ሰው ሲያለቅስ እኔ የማስበው ጓሮ ስላለው በርሜል ነበር። «ዳና ለምን አያለቅስም?» እያሉ ስለ እኔ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። ያልመጣ እንባ ከየት ይምጣ?

ሽታዬ ቀበሌው በጥቃቅን ካደራጃቸው ሴቶች ጋር ወረቀት ትሠራ ነበር። እንሰት ሲፋቅ የሚጣለውን ውዳቂ ቃጫ ሰብስባ በአመድ ውሃ ትቀቅላለች፣ ትወቅጣለች፣ በርሜል ውሃ ውስጥ ትበትነዋለች። ከዚያ በወንፊት እያወጣች ጨርቅ ላይ ታደርቀዋለች። ጓደኞቿ ገዢ የለውም ብለው ተዉት፤ እሷ ግን ግትር ናት። እኔ አጠገቡም አልደርስም ነበር። የእንሰት ሥራ የሴት ነው፤ እዚያ የቆመ ወንድ በሶዶ መሳቂያ ነው የሚሆነው።

ሆስፒታል የገባችው በርሜሉን በተወቀጠ ቃጫ ሞልታ ነው። «ስመለስ አወጣዋለሁ» አለች። አልተመለሰችም። ስለዚህ እኔው ላወጣው ቆረጥኩ፤ የሚስቅ ይሳቅ። የመጨረሻ ወረቀቷን ብቻ ነው የፈለግሁት። ግን ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ሥራ አይነካም፤ ድንኳኑ እስኪነሳ ጠበቅሁ።

ድንኳኑ እንደተነሳ ጓሮ ሄድኩ። በርሜሉ ታጥቦ ንጹሕ ውሃ ይዟል። ጎረቤታችን እትዬ መብራት ከኋላዬ መጡ።

«ያ ነገር ሸተተ» አሉኝ። «ለቅሶ ቤት ነውር ነው ብለን እንሰቱ ሥር ደፋነው። በርሜሉንም ለእጅ መታጠቢያ አደረግነው።»

ምን ይፈረድባቸዋል? እኛ ዘንድ የቤት ጥራጊ ሁሉ የሚገባው እንሰት ሥር ነው። ለቅሶውን ሙሉ እኔም ከዚያው በርሜል እየተቀዳልኝ እጄን ታጥቤ በልቻለሁ።

«ጌታ ይባርክዎ» አልኳቸው።

እንሰቱ ሥር ሄጄ ጎንበስ አልኩ። አብዛኛው ከአፈር ተቀላቅሏል። ዳር ላይ ፀሐይ ያገኘው ግን ደርቆ ስስ ሆኗል። በጥፍሬ ጠርዙን አንስቼ ቀስ ብዬ ሳብኩት። መዳፍ የምታክል ቁራጭ ተላቀቀች፤ ታችዋ ጭቃ ነው፣ ላይዋ ንጹሕ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እትዬ መብራት።

«ወረቀቷ ነው» አልኩ። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩና ተንሰቀሰቅሁ።

አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተመስገን» አሉ፣ «አለቀስክ።»